«ፍራሹ ጥሩ ነው፣ አባባ»

ታኅሣሥ 3

ጻፊ። እንደምናገረው ጻፊ፤ አታሳምሪው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ዕድሜ ልኬን ፍራሽ ሠርቻለሁ። በዚህ ሰፈር ሀብታሙም ደሃውም ጀርባውን የሚያሳርፈው እኔ በደጋን በነደፍኩት ጥጥ ላይ ነው። ፊደል የቆጠረ ሁሉ መጨረሻው የእኔ ጥጥ ላይ ተዘርሮ ማንኮራፋት ነው።

ደብተሩን ያስጀመረችን የታሳሪ ቤተሰቦችን የምትረዳው የቢሮዋ ሴትዮ ናት። «ልጅዎ በስልክ ያለውን ሁሉ በዕለቱ ያስጽፉ፤ አንድ ቀን ማስረጃ ይሆናል» አለች። እሺ። ማስረጃ ከሆነ ከሥሩ ይጻፍ። ልጄ በሰው አገር ታስሯል። ከሚሠራበት መጋዘን የመዳብ ሽቦ ጠፋ። ባለቤቱ የአገሩን ልጆች ወደየቤታቸው ሰደደ፤ ከውጭ የመጡትን ግን አንድ ሳያስቀር ለቅሞ ለፖሊስ አስረከበ። በማያውቁት ቋንቋ ተፈረደባቸው። ቋንቋውን የሚያውቀው ልጄ ብቻ ነበር፤ «ተፈርዶብናል» ብሎ ለጓደኞቹ የነገራቸው እሱ ነው።

የምትጽፈው ምራቴ ናት፣ የልጄ ሚስት። ጽሕፈቷ ያምራል ይላሉ። ምላሷም አያንስም።

ዛሬ ደወለ። በየተራ ነው የሚደውሉት፣ ቶሎም ይቋረጣል።

«አባባ፣ እንዴት ነዎት? ሳልዎ ተሻለዎት?»

«የእኔን ሳል ተወው። የት ነው የምትተኛው?»

«ፍራሽ ላይ ነዋ።»

«ስፖንጅ ነው ጥጥ?»

«ጥጥ ነው። ወፍራም። ፍራሹ ጥሩ ነው፣ አባባ።» እየሳቀ ነው የሚያወራኝ።

«ጥጥ ከሆነ ፀሐይ ይወዳል። እያወጣችሁ አስጡት፤ አለዚያ ይቋጠርና ጎን ይወጋል። እንዲህ አለ አባቴ በላቸው።»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ «ሰማሽ?» አልኳት ምራቴን። «ታስሮ እንኳ ጥጥ ላይ ነው የሚተኛው። እዚህ ስንቱ ባለ መኪና ስፖንጅ ላይ ይንከባለላል።» ስልኩን ተቀብላኝ ጓዳ ገባች። ይህች ልጅ ደስታ በበሯ ቢያልፍ ሰላም አትለውም።

ታኅሣሥ 11

አልደወለም።

«አልደወለም» ለማለት ይህን ያህል ምን ትጽፊያለሽ? ያላልኩትን ብትጨምሪ አውቃለሁ። እንዴት እንደማውቅ አልነግርሽም።

ታኅሣሥ 19

ዛሬ በደንብ ጻፊ። ቃል በቃል።

ደወለ። ድምፁ ያፏጫል፤ መስመሩ ነው። «አባባ፣ ወረቀት አምጥተውልናል» አለኝ። «‹ሰርቄአለሁ፣ ተጸጽቻለሁ፣ ምሕረት ይደረግልኝ› ይላል። የፈረመ ወደ አገሩ ይላካል። ያልፈረመ ቅጣቱን ይጨርሳል።» ቅጣቱ እኔን ቀብሮ የሚተርፍ ነው፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ይስቃል! ሌባ ነኝ ብለህ ፈርም ሲሉህ ምኑ ነው የሚያስቀው? ደሜ ፈላ።

«ሰርቀሃል?» አልኩት።

«አልሰረቅኩም።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?»

«እርስዎ ያሉትን ላድርግ ብዬ ነው።» አሁንም ይስቃል።

እንግዲህ ያልኩትን ጻፊው። «ብትፈርም አጥንቴ እሾህ ሆኖ ይውጋህ! ማንም ቢለምንህ እንዳትሰማ። እኔ ራሴ እንኳ ሰው ጎትጉቶኝ ፈርም ብልህ፣ እንዳትሰማኝ!»

«እሺ፣ አባባ» አለ። ተቋረጠ።

ለማያውቅ ሰው ይህም ይጻፍ። እኔ ጎረምሳ ሳለሁ አንድ ጥጥ ነጋዴ ጋ ተቀጥሬ እነድፍ ነበር። ሁለት ኬሻ ጥጥ ጠፋ። «ሰርቄአለሁ በል» አሉኝ። ጣቢያ ወስደው ጀርባዬን ገረፉኝ፣ ውስጥ እግሬን ገለበጡት። «እመንና ሂድ» አሉኝ። አላመንኩም። ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ በሆዴ ተኝቼ ከረምኩ። በኋላ ጥጡ የተገኘው የነጋዴው የወንድም ልጅ ጓዳ ውስጥ ነው። ነጋዴው እደጄ ድረስ መጥቶ በሰው ፊት ይቅርታ ለመነኝ። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የማያውቅ ከነበረም እኔ ነግሬዋለሁ። ልጄንም ያሳደግኩት በዚህ ነው፤ ሌላው ሕፃን በተረት ሲተኛ የእኔ ልጅ በሁለቱ ኬሻ ጥጥ ተኝቷል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።

ለምን ቆምሽ? ጻፊ እንጂ።

ታኅሣሥ 20

ምራቴ ምሳዬን አቅርባ እሷ ጓዳ ገብታ በላች። ብቻዬን በላሁ። ጥጋብ ነው።

ጥር 2

የቢሮዋ ሴትዮ መጣች። ጫማዋ አቧራ ጠጥቷል፤ በእግሯ ነው የምትዞረው። ደህና ሴት ናት፣ ነገር ግን ታበዛለች። «አባቴ፣ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ነው። እዚያ የሚያነበው እንኳ የለም። የምሕረቱ በር የካቲት ሲያልቅ ይዘጋል፤ ደግሞ መቼ እንደሚከፈት አንድዬ ነው የሚያውቀው» አለች።

«የሚያነበው ከሌለ ለምን ያስፈርሙታል?» አልኳት።

ቦርሳዋን አነሳች።

«እኔ ሳነብ አልኖርኩም። ግን ሌባ የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ጥቁር ነው።»

ምራቴ በሩ ድረስ ሸኘቻት። በሩ ላይ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ ጆሮዬ ገና አላረጀም። «እሳቸው በሌሉበት ሲደውል እኔ ብለምነው እምቢ ይላል» ትላታለች ምራቴ። «‹ግዝቱን የጣሉብኝ አባባ ናቸው፣ የሚያነሱትም እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም እንዳያነሱት አድርገው ነው የጣሉት› ይለኛል።»

ይበል! የእኔ ልጅ ነው። እንዲህ ነው ወንድ የሚያሳድጉት።

ጥር 8

ፍራሽ ላደርስ ስወጣ የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ለደንበኛው ሲያወራ ሰማሁት፦ «ሽማግሌው ልጁን አስይዞ ስሙን እያስጠበቀ ነው።» እንዳልሰማ አለፍኩ። ወዲያው ተመለስኩና «ያ የሰፋህልኝ ሱሪ ግራ እግሩ አጭር ነው» አልኩት። እውነቱን ነው፣ አጭር ነው።

አልደወለም።

ጥር 17

ዛሬ ረጅም ነው። እጅሽን አፍታቺ።

አንድ ሰው መጣ። ሹፌር ነኝ አለ። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል፤ ሸሚዙ በእንጨት ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ታስሮ ነበር። ፈርሞ ወጥቶ መምጣቱ ነው። ስንገባበዝ «እዚህ ላይ ተቀመጥ» ብዬ አዲስ የጨረስኩትን ፍራሽ አሳየሁት። በመዳፉ ጫን አደረገው፣ አነሳ፣ ደግሞ ጫን አደረገው። አልተቀመጠም።

«እዚያም ጥጥ ነው አሉ» አልኩት።

«ምኑ?»

«ፍራሻችሁ ነዋ።»

ምራቴን አየ። እሷ መሬት አየች።

«አባቴ፣ ሲሚንቶ ነው» አለኝ። «ፍራሽ የሚባል ነገር የለም። በፈረቃ ነው የምንተኛው። ግማሹ ይቆማል፣ ግማሹ ይተኛል። የሚተኛውም በጎኑ ነው፣ እንደተደረደረ ማገዶ። አንዱ ሊገላበጥ ከፈለገ ረድፉ ሁሉ አብሮ መገላበጥ አለበት። ‹ዙር!› ብሎ የሚያዝ ሰው አለ። ልጅዎ ነው።»

«ያገሩ ሰዎችስ?»

«የእነሱ ክፍል አልጋ አለው። ዘመድ ብርድ ልብስ ያመጣላቸዋል። ለእኛ ማን ያምጣልን? ዘበኛው ስም አይጠራም፤ ብረቱን በዱላ ይመታና ‹ባዕድ! ውጣ!› ይላል፤ ማንን እንደሆነ ስለማናውቅ ሁላችንም እንወጣለን፤ ያልተጠራው ለምን ወጣህ ተብሎ ይመታል።» ክንዱን ገልጦ አሳየኝ። እከክ በልቶት ቆዳው የዛፍ ልጥ መስሏል። «ውሃ ሲነጋ ትንሽ ይከፈታል፤ የቀዳ ቀዳ። የታመመ ሰው ሐኪም ጋ የሚቀርበው ሕመሙን በቋንቋቸው ማስረዳት ሲችል ነው። አፍ የሆነልን ልጅዎ ነው። ‹አንተ የእነሱ ጠበቃ ነህ ወይ?› እያሉ ይመቱታል። የፊት ጥርሶቹን ያጣው እንደዚያ ነው።»

መስመሩ ነው ብዬ ነበር፣ የሚያፏጨው።

«ከእኛ ኤምባሲ ማንም አልመጣም?» አለች ምራቴ።

«መጡ። በሩ ላይ ፎቶ ተነሡ። ሽታው ከበደን ብለው ሄዱ።»

«በስልክ ይስቅ ነበር እኮ» አልኩት። ልይዘው ነው፤ ውሸታም መስሎኝ ነው።

«ዘበኛው ቋንቋችንን አይሰማም፣ አባቴ። ፊታችንን ነው የሚጠብቀው። ፊቱ የከፋ ሰው ወዲያው ይቆረጥበታል። ሁላችንም እየሳቅን ነው የምንደውለው። እናቴ ሞተች ሲሉኝ ስቄያለሁ እኔ።»

«አንተ ሰርቀሃል?» አልኩት።

«አልሰረቅኩም።»

«ታዲያ ለምን ፈረምክ?»

«ልተኛ ብዬ።»

ፍራሽ ሠሪ ፊት እንዲህ ይባላል?

«ወረቀቱን ያነበበልኝ ልጅዎ ነው» አለ። «ለሁሉም ያነብላቸዋል። ‹ፈርም፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል› ይላል። ‹አንተስ?› ስንለው ‹እኔ አባት አለኝ› ይለናል።»

«ውጣ!» አልኩት። ወጣ። የቀረበለትን እንኳ አልነካም ነበር።

ጥር 18

ሥራ አልሠራሁም። ጥጡ አስነጠሰኝ፣ ለዚያ ነው።

ምራቴ ጠዋት ሲሚንቶው ላይ ተኝቼ አገኘችኝ። «ምን ሆነው ነው?» ትላለች። ሞቆኝ ነው። ሙቀት ነበር። ብርድ ነበር ትላለች፤ እሷ ምን ታውቃለች። በጎን መተኛት ትከሻ ይቀጠቅጣል። አንድ ሰው ብቻውን ሲሆን መዞር ይችላል፣ ያ አንድ ነገር ነው።

ያን አዲሱን ፍራሽ ለሹፌሩ አድርሺለት። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ደንበኛው ትቶት ነው።

ጥር 25

ታላቅ እህቴ መጣች። እትዬ ዓይኗ ፈዝዟል፣ ምላሷ ግን እንደ ሞረድ ነው። ማን እንደጠራት አውቃለሁ፤ የጠራቻት ይህን እየጻፈች ነው።

ገና ሳትቀመጥ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንተ ወረቀት ባታውቅ ሞኝነቱ በቃህ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ አንቺ በሴትነትሽ…»

«በሴትነቴ አዝዬሃለሁ! ስማ። ያኔ ስትገረፍ ጣቢያው ከቤታችን ጓሮ ነበር። እናታችን በሙቅ ውሃ ቁስልህን ታጥባለች፤ እኔ በማንኪያ አጎርስሃለሁ፤ ጓደኞችህ እየመጡ ‹ጀግና› ይሉሃል። በእናት ቤት ጀግና መሆን ምን ይከብዳል! እሱን ማን ያጥበዋል? ማን ያጎርሰዋል? ጥርሱን ማን ይለቅምለታል?»

«ስም ከመቃብር በላይ…»

«መቃብሩን ራስህ ልትቆፍርለት ነው?»

ተነሥቼ ወጣሁ። ከቤቴ እኔ ወጣሁ! ልብስ ሰፊው በር ላይ ቆሞ «አባባ፣ ሱሪውን ያምጡት፣ ላስተካክለው» አለኝ። ማጠሩ አሁን ነው የታየው።

ጥር 30

ደወለ።

ምራቴ ትንሽ አናግራው ስልኩን ሰጠችኝ። ይስቃል። አሁን ግን ሳቁን ሰማሁት፤ ከሆድ አይደለም፣ ከጥርስ ነው፣ ጥርሱም የለ። «ፍራሹ እንዴት ነው?» አልኩት። አፌ ነው የጠየቀው።

«ጥሩ ነው፣ አባባ። እንዳሉኝ ፀሐይ አሰጣነው።»

«ፈርም» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«ፈርም! ፈርምና ና!»

እየሳቀ «ማን ነው የጎተጎተዎት?» አለኝ።

«ማንም!»

«አባባ፣ ያሉኝን አልረሳሁም። ‹እኔ ራሴ እንኳ ብልህ እንዳትሰማኝ› ብለዋል። ሰዎቹ አስቸግረዎት ነው፤ አይጨነቁ። እርስዎ ያኔ አላመኑም፤ እኔም አላምንም። አያሳፍርዎትም ልጅዎ።»

«እኔ ነኝ የምልህ!»

«አውቃለሁ» አለ። «አውቃለሁ፣ አባባ።» ልጅ እንደሚያባብሉ አድርጎ ነው ያለኝ። ተቋረጠ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ አፋፉ ላይ አውጥቼው መሰላሉን አቃጠልኩት።

ይህችን የመጨረሻዋን አትጻፊያት።

የካቲት 4

የቢሮዋ ሴትዮ መጣች። ሳትቀመጥ ነገረችን። ከእነሱ ክፍል አንድ ቀለም ቀቢ ሞቷል፤ ሚስቱ ገና አራስ ናት አሉ። ማታ ትንፋሽ አጠረው። ልጄ በሩን ሲደበድብ አደረ፤ በቋንቋቸው «ሰው እየሞተ ነው!» እያለ። አልከፈቱም። ጠዋት ለቆጠራ ሲከፍቱ ቀቢው ሞቷል። ሐኪም አልመጣም፤ ሐኪሙ የመጣው ሞቷል ብሎ ለመፈረም ነው። ያገሩ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይተዉትም ነበር፤ ይህን ሴትዮዋ አላለችም፣ እኔ ነኝ የምለው፣ ጻፊው። ልጄን በሩን ስለደበደበ ለብቻው ዘጉበት። ስልክም ከለከሉት።

«እስከ መቼ?» አለች ምራቴ።

«አልነገሩንም።»

«በሩ የሚዘጋው የካቲት ሲያልቅ ነው» አልኩ።

«አዎ፣ አባቴ።»

ሴትዮዋ ስትወጣ ምራቴ እዚያው ቆመች። አላለቀሰችም። «አባባ፣ እኔ ሁለት ሰው አግብቻለሁ» አለችኝ። «አንዱ እዚያ ነው፣ አንዱ እዚህ። ሁለቱም አንድ አፍ ነው ያላቸው።» ሌላ ጊዜ ቢሆን አልለቃትም ነበር።

የካቲት 12

አልደወለም። ሳሌ ባሰብኝ። ጥጥ ነደፍኩ። ለማን እንደሆነ አልተጠየቅኩም።

የካቲት 15

አልደወለም። ስልኩን እኔው ይዤው ዋልኩ። «ቻርጅ ይደረግ እንጂ» ትለኛለች። ይደረግ፤ ግን ከእጄ ሳይወጣ።

የካቲት 17

አስቤበታለሁ። ሥራ ፈት ስለሆንኩ አይደለም። ልጄ የእኔን ቃል አይደለም የሚሰማው፤ ያን በሆዱ ተኝቶ የከረመውን ጎረምሳ ነው የሚሰማው። እሱ እያለ እኔ ብጮኽ ውሃ መውቀጥ ነው። ያ ጎረምሳ መሞት አለበት።

ምን ማለትዎ ነው አትበዪኝ። ጻፊና ዝም በዪ።

የካቲት 21

ደወለ።

እትዬም ነበረች። ሰሞኑን እኛ ጋ ነው የምትውለው፤ እኔን ለመጠበቅ ይሁን ስልኩን እንጃ። ምራቴ አነሳችው፤ «ወጣህ? ከዚያ አወጡህ?» አለችው፤ ድምፁ እንደ ደረቀ ቆዳ ነው። ሳቁ ግን አለ። ነጠቅኳት።

«ስማኝ፤ አታቋርጠኝ» አልኩት። «ዋሽቼ ነው ያሳደግኩህ። ጥጡን የሰረቅኩት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ሁለቱን ኬሻ። እኔ ነኝ። ገረፉኝ፣ አላመንኩም። ያላመንኩት ጀግና ስለነበርኩ አይደለም፤ ሌባ ስለነበርኩ ነው። ሌባ አያምንም። ጥጡን በዚያ ምስኪን የነጋዴው የወንድም ልጅ ጓዳ የከተትኩትም እኔ ነኝ። በእሱ ላይ ወጣ። እኔ ይቅርታ ተጠየቅኩ።»

እትዬ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ሐሰት! በእናቴ ነፍስ ሐሰት ነው! እኔ እዚያው…» አፏን በመዳፌ ያዝኩት። የታላቅ እህቴን አፍ። በዕድሜዬ አድርጌው አላውቅም። ነከሰችኝ፤ አልለቀቅኩም።

«የማን ድምፅ ነው?» አለ ልጄ።

«እትዬ ናት። ታፍራለች። ትሸፍንልኝ ነበር። አሁን ይህን ልንገርህ፦ የሌባ አጥንት ማንንም አይወጋም። ግዝቴ ግዝት አይደለም። አባት ያልከው ሰው የለም። ፈርም።»

ከኋላው ሰዎች ይሰማሉ፣ ብረት ይመታል።

ከዚያ ሳቀ። ረጅም ሳቅ። ዘበኛው ፊቱን እያየው ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር የተነገረው ሰው ፊቱን እንዴት አድርጎ ይዞት ይሆን? ሹፌሩ ያለኝ ትዝ አለኝ።

«እሺ» አለ።

እሺ ብቻ። አባባ አላለኝም። ተዘጋ።

እትዬን ለቀቅኳት። በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ነበር። መዳፌን ገልብጣ የነከሰችበትን አየችው፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «አንተ ውሻ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

የካቲት 22

ምንም የሚጻፍ የለም።

የካቲት 28

የቢሮዋ ሴትዮ ለምራቴ ደወለች። ፈርሟል። ስሙ ገብቷል። ምራቴ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ወደ ጥጤ ሄድኩ። የጀመርኩት ነገር አለ።

መጋቢት 5

ደወለ። ከምራቴ ጋር አወራ። ስለ ጉዞው፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ጫማ ቁጥሩ። እግሩ አብጧል፣ የድሮው ጫማ አይገባውም። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ እጄን ዘርግቼ ነበር። «አባባ እዚህ ናቸው፣ ላገናኝህ?» አለችው።

የመለሰውን ሰማሁ። ጆሮዬ ገና አላረጀም አላልኩም? «ሌላ ጊዜ» ነው ያለው።

እጄን ሰበሰብኩት። ትሳቀቃለች ብዬ ሳል መጣብኝ ብዬ ወጣሁ። ሳሉ ደግሞ እውነትም መጣ።

መጋቢት 9

ልብስ ሰፊው ሲያወራ ሰማሁ፦ «ፈርሞ ነው የሚመጣው አሉ። ታዲያ ሰርቆ ነበር ማለት ነዋ!» ያኔ ‹ልጁን አስይዞ› ሲለኝ የነበረው ሰውዬ ነው ይህ። የሰው አፍ ሁለት ወገኑ የተሳለ ነው። ሱሪውን አስተካክሎ መልሶልኛል። አሁን ደግሞ ቀኙ አጠረ።

መጋቢት 13

ነገ ይደርሳል።

ፍራሹን ጨረስኩ። ጥጡን ሁለት ጊዜ ነድፌዋለሁ፤ አንዲት ቋጠሮ የለችበትም። ጠርዙን በወስፌ ስሰፋ ዓይኔ አላይ ቢለኝ በጣቴ ዳብሼ ሰፋሁት። ሰፊ ነው። አንድ ሰው ያለ ማንም ትእዛዝ እንዳሻው ይገላበጥበታል።

ምራቴ አንሶላውን ስታነጥፍ ቆየችና «አባባ» አለችኝ። «አሁንማ ወጣ። ነገ እውነቱን ልንገረው። እትዬም ትመሰክራለች። ጥጡን እንዳልሰረቁ ይወቅ።»

«እንዳትነግሪው» አልኳት።

«ለምን? እየናቀዎት ሊኖር?»

ቁጭ አልኩ። ከባድ ነገር ቆሞ አይነገርም።

«ስሚ። ልጄ ያላደረገውን አድርጌአለሁ ብሎ ፈርሞ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ ሰፈሩ አለ። ልብስ ሰፊው አለ። ሥራ ልቅጠር ሲል ወረቀቱ አለ። ቀን ቀን ያን ሁሉ ተሸክሞ ውሎ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ቀና ብሎ የተቀመጠ፣ ተገርፎ ያላመነ ጀግና አባት ይጠብቀው ትያለሽ? ብቻውን ሌባ አይሁን። ሁለት እንሁን።»

አንሶላውን እንደያዘች ቀረች።

ደብተሩን ለቢሮዋ ሴትዮ ስጫት። ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ ጥርሱ፣ ስለ ቀቢው ያለውን ትውሰደው፤ የሚያነበው ከተገኘ ያንብበው። የእኔን ነገር ግን ልጄ እንዳያየው።

«ብትነግሪው አጥንቴ…» ይለኛል ብላ ጠበቀች፤ ፊቷ ላይ አየሁት። እኔም አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። ከእንግዲህ በአጥንቴ ማንንም አላስርም።

«እባክሽ» አልኳት።

ጻፊው። እንደተናገርኩት ጻፊው።